ከምጽዋት በፊት ዕዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የጽሑፍ ክፍሉ ለኅዳር ወር እትም አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲያዝዘኝ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ቅዱስ ሚካኤል ክብር ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ሳሙና የበላው የአንዲት እናት እጅ ፊቴ እየመጣ ተቸገርሁ፤ እርሱን ሳልጽፍ ሌላውን መጻፍ አልቻልሁም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስብከት ቢመስልም ከፊሉ ኑዛዜ መሆኑን አንባብያን አስቀድማችሁ እንድታውቁልኝ እለምናለሁ።

ሁላችንም እንደምናውቀው ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ከተማችን በጭስ ትሸፈናለች። በየደጁ ቆሻሻ ይከመራል፣ እሳት ይለኮስበታል፤ ኅዳር ሲታጠን እንለዋለን። አባቶቻችን እንደሚነግሩን ልማዱ ከኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን የመታው በ1911 ዓ.ም. ነበር። ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሰው አለቀ፤ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ ታምመው ነው የተረፉት። (ዛሬ ግን የምናጥነው ደረቅ ቅጠልና ፍግ ሳይሆን ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ስለ ሆነ፣ በሽታውን ማባረራችን ቀርቶ ለሳንባችን ሌላ በሽታ የምንጠራ ይመስለኛል። ይህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚያስፈልገው እዚህ ላይ ልተወው።)

ከሁሉ የሚገርመኝ፣ ትውልድ ከአንድ ታላቅ መቅሠፍት የሚያስቀረው ነገር ማነሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ሞት ለእኛ የደረሰን ጭሱ ነው። ማን በማን ላይ ደጁን እንደ ዘጋ፣ ማን ማንን እንደ ቀበረ፣ የሟቾቹን ልጆች ማን እንዳሳደገ አልደረሰንም። እኛስ በተራችን ከኮሮና ዘመን ለሚመጡት ምን እናቆይላቸዋለን? እጅ መታጠብን ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ እርሱንም እንኳ ትተነዋል።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ፤ ጊዜውም ዐቢይ ጾም ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ሰው እጅ መጨባበጥ ፈራ። በቤታችን ዘወትር ቅዳሜ እየመጡ ልብስ የሚያጥቡልን አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እትዬ እንላቸው ነበር። ገንዘባቸውን የሚወስዱት በወር አንድ ጊዜ ነው። ከተከፈላቸው ወዲህ ሦስት ቅዳሜ አጥበው ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ ሲመጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጥብቀው፣ ከበሩ ራቅ ብለው ቆሙ። በሩን የከፈትሁት እኔ ነኝ። እናቴ ከውስጥ ሆና፣ ይህ ነገር እስኪያልፍ ይቅሩ በላቸው አለችኝ። እንደ ታዘዝሁት ነገርኋቸው፤ በሩንም ገርበብ አደረግሁት እንጂ አልከፈትሁትም። እርሳቸውም፣ «እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያውጣን» ብለው ተመለሱ። የሦስቱን ቅዳሜ ገንዘብ አልጠየቁም፤ እኔም አላስታወስሁም። ወይስ አስታውሼ ነበር? ይህን ራሴን ስጠይቅ ዛሬም ድረስ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኝም። እናቴን ለመውቀስ ይህን አልጻፍሁም። አባቴ አስም አለበት፤ ፍርሃቷ የእውነት ፍርሃት ነበር። ሰው ፈርቶ በሩን መዝጋቱ ይገባኛል። የማይገባኝ ነገር ሌላ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ዕዳው በእኛ በኩል ቀረ፣ ረሃቡ በእርሳቸው በኩል ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰፈራችን ወጣቶች ተሰባስበን ገንዘብ አዋጣን፤ ለችግረኞችም ሳሙና፣ ዱቄትና ዘይት አከፋፈልን። ስም የምመዘግበው እኔ ነበርሁ። በመዝገቡ ላይ የተረጂ ስም የሚል ዐምድ አስምሬ ነበር። ፎቶግራፍም ተነሣን። በዚያች ቀን ልቤ ሞልቶ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ታላቅ ጽድቅ የሠራሁ መሰለኝ። ለብሼው የነበረው ሸሚዝ እትዬ በመጨረሻው ቅዳሜ ያጠቡት ነው።

እንግዲህ ወደ በዓሉ ልመለስ። ኅዳር 12 ቀን በቤተ ክርስቲያናችን ከሚነበበው ውስጥ የዱራታዎስና የቴዎብስታ ታሪክ አለ። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ሰማነው ለምደነዋል፤ የለመዱትን ነገር ደግሞ ጆሮ አልፎት ይሄዳል። ባልና ሚስቱ የቅዱስ ሚካኤልን በዓል በየወሩ ድሆችን እያበሉ ያከብሩ ነበር። ክፉ ዘመን መጥቶ እጃቸው ባጠረ ጊዜ በዓሉ ከሚታጎል ብለው ልብሳቸውን ለመሸጥ ወጡ። መልአኩም በመኰንን አምሳል ተገልጦ ልብሱን እንዳይሸጡ ነገራቸው፤ በጉን ከባለ በጉ፣ ዓሣውን ከዓሣ ሻጩ፣ ስንዴውን ከባለ ስንዴው በዱቤ እንዲወስዱ አዘዘ፤ የዓሣውንም ሆድ እርሱ ሳይመጣ እንዳይከፍቱት አስጠነቀቀ። በዓሉ ተከበረ፣ ድሆች ጠገቡ። ዓሣው ሲከፈት ሦስት መቶ የወርቅ ዲናር ተገኘ።

እኛ ስንተርከው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። በጎ የሠራ ሰው ወርቅ አገኘ እንልና እናጨበጭባለን። ነገር ግን በዓሣው ሆድ ውስጥ ከሦስት መቶው ወርቅ ሌላ ሦስት ትናንሽ ክፋዮች ነበሩ። መልአኩ እነዚያን ለይቶ አንዱን ለባለ በጉ፣ አንዱን ለባለ ዓሣው፣ አንዱን ለባለ ስንዴው እንዲከፍሉ አዘዘ፤ ሦስት መቶው ግን የእናንተ ነው አላቸው። ወገኖቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ተአምር የሚያደርግ መልአክ የበጉን ዋጋ አልረሳም። ድሆች የበሉበት ማዕድ ነውና ባለ በጉ ይተውልን አላለም። በዓሉ ለእኔ ክብር የተደረገ ነውና ዕዳው ይሰረዝ አላለም። ምጽዋቱ ሌላ፣ ዕዳው ሌላ ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ በልኩ የተቆረጠ ገንዘብ በዓሣው ሆድ ውስጥ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል።

ይህ ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ ከዳር እስከ ዳር ይገኛል። በዘዳግም ምዕራፍ 24 የድሃ ምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ታዝዟል፤ ምክንያቱም ነፍሱ የተንጠለጠለችው በእርሱ ላይ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ሲናገር የሚጮኸው ሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ ያልተከፈለው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል። ዘኬዎስንም እንመልከተው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ያ ቀራጭ ከጌታ ፊት ቆሞ ሁለት ሒሳብ አቀረበ። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፤ ይህ ምጽዋት ነው። የበደላቸውን ደግሞ አራት እጥፍ እከፍላለሁ አለ፤ ይህ ዕዳ ነው። አንዱን በሌላው አልሸፈነም። እኔ በ2012 ዓ.ም. ያደረግሁት ግን ይኸው መሸፈን ነው። ለማላውቀው ሰው ሳሙና ሰጠሁ፤ በሳሙና እጃቸው ለተላጠው እናት የሠሩበትን ከለከልሁ። የመጀመሪያው ተመዘገበልኝ፤ ሁለተኛውን የመዘገበው እግዚአብሔር ብቻ ነው።

አንዳንዶቻችሁ፣ የአንድ ቤት የልብስ አጣቢ ሒሳብ ከዓለም ወረርሽኝና ከአየር ንብረት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እኔም ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ አልተገናኘልኝም ነበር። አሁን ግን ነገሩ አንድ ሆኖ ይታየኛል።

የኮሮና ክትባት በታሪክ ባልታየ ፍጥነት ተሠርቶ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያዎቹ ወራት መሰጠት ጀመረ። ለሠሩት ሊቃውንት ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ጥር 10 ቀን፣ እኛ በከተራ ታቦት ስናጅብ በዋልንበት ዕለት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ለዓለም ያሰሙት ቁጥር ይህ ነበር፤ 49 በሚሆኑ የበለጸጉ አገሮች ከ39 ሚሊዮን በላይ ክትባት ተሰጥቷል፤ እጅግ ድሃ ከሚባሉት አገሮች በአንዲቱ ደግሞ 25። የማባዣ ማሽናችን ዜሮ በልቶ አይደለም፤ በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚማሩ ልጆች ያህል ማለት ነው። አንዳንድ መንግሥታት ለሕዝባቸው ከሚበቃው በብዙ እጥፍ አስቀድመው አዝዘው ነበር። ወደ አገራችን የመጀመሪያው ክትባት የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን ብዛቱ ከ2 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ፣ ሕዝባችን ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ሕንድና ደቡብ አፍሪካ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ወረርሽኙ እስኪያልፍ ድረስ የመድኃኒቱ የባለቤትነት መብት ለጊዜው ይነሣልን ብለው የዓለም ንግድ ድርጅትን ጠየቁ። መልሱ የመጣው በሰኔ 2014 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም የጠየቁት ሁሉ ሳይሆን ክትባቱን ብቻ የሚመለከት ጠባብ ፈቃድ ነበር።

የእኔን ልብ የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ከእነዚህ ክትባቶች አንዳንዶቹ ሲፈተኑ ክንዳቸውን ለመርፌ ከሰጡት ሰዎች መካከል ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። በዚያው አገር ፋብሪካ ተሞልቶ የታሸገ ክትባት በ2013 ዓ.ም. ተጭኖ ወደ አውሮፓ ሄዷል፤ ጉዳዩ ተሰምቶ ጩኸት እስኪነሣ ድረስ። ክንዱ ከእነርሱ፣ የፋብሪካው ላብ ከእነርሱ ሆኖ ሳለ፣ ቆይቶ የመጣው ድርሻ ስሙ እርዳታ ተባለ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያ ሸሚዝ ትዝ አለኝ።

የድርቁም ነገር እንዲሁ ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረና፣ በሶማሌና በአጎራባች አገሮች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከዚያ በፊት አንበጣው ነበረ፤ ወረራው የተነሣው በ2010ና በ2011 ዓ.ም. ሁለት ከባድ የባሕር ማዕበሎች በዓረብ ምድረ በዳ ላይ ያልተለመደ ዝናብ አውርደው ለመራቢያ ስለ ተመቸው ነው። በዚያው ዘመን በሰሜን ደግሞ ጦርነት ተጨመረበት። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች አለቁ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የአየር ንብረት ሊቃውንት ጥናታቸውን ሲያወጡ፣ ሰው ዓለምን ባያሞቃት ኖሮ እንዲህ ያለው ድርቅ የመድረስ ዕድሉ ቢያንስ መቶ ጊዜ ያነሰ ይሆን ነበር አሉ። ሙቀቱ የደረቀ መሬትን እርጥበት ስለሚመጥጥ፣ ጥቂት ቢዘንብም ሣር ሳይሆን ይቀራል። በዓመት ውስጥ ወደ ሰማይ ከሚወጣው የከሰል፣ የነዳጅና የጋዝ ጭስ የመላዋ አፍሪካ ድርሻ ግን ከመቶ 4 ያህል ነው።

በዩኒቨርሲቲ በአንድ ዶርም የምንኖር የቦረና ልጅ አለ። አባቱ ከነበሯቸው ከብቶች የተረፉት በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ማታ ስለ እርዳታ ስንነጋገር ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና፣ በእኛ ዘንድ ከብት ያለቀበት ሰው አይለምንም አለን። ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዐት አላቸው፤ ከብቱ ያለቀበት ሰው ወደ ጎሣው ይሄዳል፣ ጎሣውም ተሰብስቦ ከብት ያዋጣለታል። የሚሰጠው ግዴታው ነው፣ የሚቀበለውም መብቱ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ እያለ ሲያጎነብስ አይኖርም። «ዘንድሮ ግን የሚያዋጣውም የለውም፤ የሁሉም አልቋል» አለ። ቀጥሎም፣ «ስንዴ ያመጡልንን እናመሰግናለን። ግን ዝናሙን የወሰደብን ማን ነው?» ብሎ ጠየቀን። ማናችንም አልመለስንለትም።

የዓለም መንግሥታት ይህን ጥያቄ በራሳቸው ቋንቋ ሲከራከሩበት ኖረዋል። በ2002 ዓ.ም. በኮፐንሀገን የበለጸጉት አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ለድሆቹ አገሮች እናደርሳለን ብለው ቃል ገቡ፤ ቃሉ የተፈጸመው ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው፣ ብዙውም በብድር መልክ። ሰው ያቃጠለውን ቤት እንዲሠራበት ለባለቤቱ ቢያበድረው ምን ይባላል? ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ በግብፅ ሻርም አል ሼክ ላይ ለደረሰ ጥፋት የሚከፍል ፈንድ እንዲቋቋም ተስማሙ። መልካም ነው። በውሳኔው ውስጥ ግን ካሣ የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ አታገኙትም። መርዳትን ይወድዳሉ፤ መክፈልን ይፈራሉ። ረጂ ሰው ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ባለ ዕዳ ግን አንገቱን ይደፋል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አሁን ግን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እዚህ ላይ አደጋ አለ። ስለ ኮፐንሀገን መስበክ ቀላል ነው። በዶርማችን ስለ ዓለም ፍትሕ ስንከራከር እኩለ ሌሊት ያልፋል፤ ጠዋት ደግሞ ኮሪደሩን የምትጠርገውን እኅት ደኅና አደርሽ ሳንላት እንሻገራታለን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር ስናነብ ራሳችንን ሁልጊዜ በአልዓዛር ቦታ እናስቀምጣለን፤ አገራችን ድሃ ናትና። በዓለም ደጅ ላይ አልዓዛር መሆናችን እውነት ነው። በቤታችን ደጅ ላይ ግን ባለጠጋው እኛ ነን፤ ያን በር የከፈተው እጅ የእኔ ነው። ደግሞም ባለጠጋው በሲኦል ሆኖ አልዓዛርን በስሙ መጥራቱን አስተውሉ። ያውቀው ነበር ማለት ነው። አላየሁም ብሎ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም።

ከዓመት በፊት ገንዘቡን አስቤ በፖስታ አደረግሁና እትዬን ፍለጋ ሄድሁ። የሦስት ቅዳሜ ሒሳብ ነው፤ በዘኬዎስ ልክ አራት እጥፍ አድርጌው እንኳ የማይረባ ገንዘብ ሆነብኝ፤ ዛሬ ዘይት አይገዛም። ይኖሩበት የነበረው ሰፈር ፈርሷል። የቀሩት ጥቂት ሰዎች ወዴት እንደ ሄዱ አያውቁም። አንዲት ሴት ወደ ልጃቸው ሳይገቡ አይቀሩም አለችኝ፤ ልጅ እንዳላቸውም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ሲመጡ ልጅ አለዎት ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። በዘኍልቍ ምዕራፍ 5 የተጻፈውን አንብቤ ነበር፤ የተበደለው ሰው ከሌለ፣ ካሣውን የሚቀበል ዘመድም ከሌለው፣ ለእግዚአብሔር ሆኖ ለካህኑ ይሰጣል ይላል። ስለዚህ ፖስታውን ለሙዳየ ምጽዋት ላስገባው ብዬ ጠየቅሁ። እውነቱን ለመናገር ቶሎ ከእጄ እንዲወጣልኝ ፈልጌ ነበር። እርሳቸው ግን፣ «ዘመድ ከሌላቸው ነው የሚለው፤ ልጅ አላቸው አላልኸኝም? በሙዳየ ምጽዋት ዕዳ አይከፈልም። ሂድና ደግመህ ፈልግ» አሉኝ። ስለዚህ ፖስታው አሁንም በመጽሐፌ መካከል አለ።

የዘንድሮ የበዓል መርጃ መዝገብ ሲከፈት አንድ ነገር እንድናደርግ ለሥራ አመራሩ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። የተረጂ ስም ከሚለው ዐምድ በፊት እያንዳንዳችን በየቤታችን ጠይቀን እንምጣ፤ ለሠራተኛዋ፣ ለዘበኛው፣ ለልብስ አጣቢዋ፣ ለሊስትሮው ያልተከፈለ ነገር አለን ወይ? በኮሮና ጊዜ ከበር የመለስነው ሰው አለ ወይ? ይህን የምንጽፍበት ወረቀት ለሰው አይታይ፣ ፎቶግራፍም አይነሣ። አንድ ወንድም፣ እንዲህ ከተደረገ ለምጽዋት የሚዋጣው ገንዘብ ያንሳል ብሎ ተቃውሞኛል። ሊያንስ ይችላል።

እትዬ ቅዳሜ ሲያጥቡ ዝም አይሉም ነበር፤ ስለ ኅዳር ሚካኤል ብዙ ጊዜ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ አንድም ዓመት አስታጉለው እንደማያውቁ ይናገሩ ነበር። ስለዚህ በኅዳር 12 ቀን ጭሱ ሳይነሣ በሌሊት ሄጄ በሴቶች መግቢያ በኩል እቆማለሁ። ከእናንተ መካከል በዕለቱ ወደዚያ የምትመጡ ካላችሁ እንድታግዙኝ እለምናችኋለሁ። አጭር ናቸው፤ በግራ እጃቸው ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ ነጠላቸው ጥለቱ አረንጓዴ ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።